የእቴጌ ጣይቱ የመጨረሻ ዓመታት

የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም ሲጠራ መጀመሪያ የሚታሰበን ዐድዋ ነው። ይህም ተገቢ ነው። በጥር 1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በመቀሌ ምሽግ ገብቶ አልበገር ባለ ጊዜ፥ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ መላ ያመጡት እርሳቸው ናቸው፤ የተጠማውም ጦር ምሽጉን ለቆ ወጣ። የካቲት 23 ቀንም ከነጦራቸው በዐድዋ ተገኝተው ለቁስለኛው ውሃ ሲያስጠጡ፥ ወደ ኋላ የሚለውን ሲያደፋፍሩ ዋሉ። ነገር ግን እኛን ተማሪዎችን ይልቁን ሊያሳስበን የሚገባው ከድሉ በኋላ ያለው ኑሯቸው ይመስለኛል።

የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አገቡ። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም በነገሡ በሁለተኛው ቀን፥ እርሳቸውም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃው ወርደው ቤት በማሠራታቸው የተቆረቆረችውን ከተማም አዲስ አበባ ብለው የሰየሟት እርሳቸው ናቸው።

ኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ከአልጋ ሲውሉ ሹመትና ሽረት በእቴጌይቱ እጅ ገባ። ዘመዶቻቸውን አበዙ ተብሎ መኳንንቱ አጉረመረሙ። ነቀፋው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ከነቃፊዎቹ መካከል ለወገኑ የማይሻ ስንት ይገኝ ነበር? በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው፥ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አንሥተው በሽተኛውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። ትናንት አገር ሁሉ ደጅ የሚጠናቸው እመቤት፥ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ መናገር ከተሳነው ባላቸው አልጋ አጠገብ ተቀመጡ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ዐረፉ። ሞታቸው ግን ተሸሸገ፤ አዋጅም አልተነገረ፥ ለንጉሠ ነገሥት የሚገባውም ልቅሶ አልተለቀሰ። በአገራችን ተራው ገበሬ እንኳ ሲሞት ድንኳን ይተከልለታል፥ ሚስቱም በወግ ታለቅሳለች። እቴጌይቱ ይህ ሳይደረግላቸው ከግቢ ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ተላኩ፤ ይኸውም ዘውድ ወደ ጫኑበት ደብር ነው። በ1909 ዓ.ም. የእንጀራ ልጃቸው ዘውዲቱ ቢነግሡም የቀድሞው ሥልጣን አልተመለሰላቸውም። ከኮረብታው ቁልቁል ሲመለከቱ፥ ስም ያወጡላት ከተማ ያለ እርሳቸው እየሰፋች ትታይ ነበር። በየካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ።

በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ሆቴል እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ዐፅማቸውም ከእንጦጦ ወርዶ በባዕታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን፥ ካስታመሟቸው ባላቸው ጎን ይገኛል።