ላቮዚዬ፤ ድካምንና ምግብን ያስተያየ ሊቅ

አንቷን ሎራን ላቮዚዬ የዘመናዊ ኬሚስትሪ አባት እየተባለ የሚጠራ የፈረንሳይ ሊቅ ነው። በትምህርት ቤት ስሙ የሚነሣው ስለ ኦክሲጅን ባደረገው ምርምር ነው። ነገር ግን ሠራተኛ ከሚያርፍ ሰው ምን ያህል የበለጠ ምግብ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ በር የከፈተውም እርሱ ነው። ይህም ጥያቄ እንሰት ስትፍቅ የምትውለውን እናትና በጌዴኦ ተዳፋት ላይ ቡና ተሸክሞ የሚወርደውን ገበሬ ሁሉ የሚነካ ነው።

ላቮዚዬ በፓሪስ ከተማ በነሐሴ 26 ቀን 1743 ዓመተ ምሕረት ተወለደ፤ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። እናቱ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ሞተችበት። አባቱ የሕግ ባለሙያ ስለ ነበረ እርሱም ሕግ ተማረና በ1764 ተመረቀ። ልቡ ግን ያዘነበለው ወደ ሳይንስ ነበር። በ1768 ገና በ24 ዓመቱ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በዚያው ዓመት ለንጉሡ ግብር በሚሰበስብ ማኅበር ውስጥ ድርሻ ገዛ። ከዚህ ያገኘው ትርፍ የምርምር መሣሪያዎቹን ለማሠራት ረዳው፤ በኋላም ለሞቱ ምክንያት ሆነ።

በ1771 ማሪ አን ፖልዝን አገባ። እርሷም እንግሊዝኛ ተምራ የሌላ አገር ሊቃውንትን ሥራ ትተረጉምለት፣ የሙከራዎቹንም ሥዕል ትሥልለት ነበር።

በ1782 እና በ1783 መካከል በነበረው ክረምት፣ ላቮዚዬ ከላፕላስ ጋር ሆኖ አንድ ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። ከእንስሳው ሙቀት የተነሣ የቀለጠውንም በረዶ መዘነ። ይህንንም ከሰል ሲቃጠል ከሚያቀልጠው በረዶ ጋር ባስተያየው ጊዜ፣ መተንፈስ በዝግታ የሚካሄድ መቃጠል መሆኑን አስረዳ። ለዚህ እሳት ማገዶው የምንበላው ምግብ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሰው ተመለሰ። ከ1789 ጀምሮ አርማን ሴጋን የሚባል ረዳቱ ራሱን ለሙከራ አቀረበ። ፊቱ ላይ ጭምብል አድርጎ ሲተነፍስ ላቮዚዬ የሚጠቀምበትን ኦክሲጅን ይለካ ነበር። ሴጋን ባዶ ሆዱን ሲያርፍ በሰዓት 26 ሊትር ተኩል ያህል ኦክሲጅን ፈጀ። ምግብ በልቶ ሲያርፍ 38 ሊትር ያህል ሆነ። ባዶ ሆዱን በእግሩ እየረገጠ ክብደት ሲያነሣ ደግሞ 63 ሊትር ተኩል ያህል ፈጀ። በልቶ ሲሠራም 91 ሊትር ደረሰ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ከ63 ሊትር ተኩሉ ውስጥ 26 ሊትር ተኩሉ ሴጋን ተቀምጦ ቢውልም የማይቀርለት ወጪ ነው። ለሥራው የሚታሰበው ልዩነቱ 37 ሊትር ብቻ ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው አንድ ሊትር ኦክሲጅን 5 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚያወጣ፣ የአንድ ሰዓቱ ሥራ የጠየቀው ተጨማሪ ምግብ 185 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው፤ ይህም ከ46 ግራም ደረቅ ስታርች የሚገኝ ነው። በስፖርት ያጠፋሁትን ልተካ ብሎ ጠቅላላውን ቁጥር የሚደምር ሰው የዕረፍቱን ወጪ ሁለት ጊዜ ይቈጥራል፤ ስለዚህም ከሚገባው በላይ ይበላል።

ላቮዚዬ ግን ከቁጥሩ አልፎ ሄደ። በ1790 ለአካዳሚው ባቀረበው ጽሑፍ፣ በጉልበቱ የሚያድር ድኃ ሰውነቱን አብዝቶ እየፈጀ የሚተካበት ምግብ ሲያጣ፣ ሥራ የማይነካው ባለጸጋ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ማግኘቱን አመለከተ። በጎ ሕግም ይህን ሊያሻሽል እንደሚችል ተስፋ አደረገ። ነገር ግን እርሱ ራሱ ድርሻ የነበረው ማኅበር ከድኃው ወጥ ጨው ላይ እንኳ ግብር የሚሰበስብ ነበር። ሕዝቡም ይህን አልረሳለትም። አብዮቱ በተነሣ ጊዜ ግብር ሰብሳቢዎቹ ታሰሩ፤ በግንቦት 8 ቀን 1794 ላቮዚዬ ከሚስቱ አባት ጋር በአንድ ቀን አንገቱ ተቀላ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበር። ማሪ አን ጽሑፎቹን ሰብስባ አሳተመች።

ካሎሪ የሚለው ቃል በምግብ ሂሳብ የተለመደው ከእርሱ ሞት በኋላ ነው፤ መንገዱን የጠረገው ግን እርሱ ነው። እኛም ከዚህ ሊቅ ሕይወት ሁለት ነገር እንማር። ሩብ ሰዓት ኳስ የተጫወተ ተማሪ ዕረፍቱን ከድካሙ ቀንሶ ሂሳቡን በልክ ይያዝ። ቀኑን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ ለዋለችው እናት ግን ልዩነቱ ብዙ ነውና፣ ገበታው ሲቀርብ ቆጮው ለእርሷ አይጉደል።