ሄንሪ ፎርድና የትርፍ ክፍፍሉ ክስ

ሄንሪ ፎርድ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መኪና ነው። ሰውዬው ከገዛ ባለአክሲዮኖቹ ጋር መካሰሱን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። የተካሰሱት ደግሞ በኪሳራ ሳይሆን በትርፍ ነው።

ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1863 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እርሻውን ትቶ ዲትሮይት ገባና ማሽን መጠገን ተማረ። ሁለት ጊዜ በሰው ገንዘብ ኩባንያ ጀምሮ አልሰመረለትም። በ1903 ከሌሎች ባለአክሲዮኖች ጋር ፎርድ ሞተርን አቋቋመ። ከነሱም መካከል ሞተር እየሠሩ የሚያቀርቡለት ወንድማማቾቹ ጆንና ሆራስ ዶጅ ነበሩ።

በ1908 ሞዴል ቲ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ገንዘቡ ጎረፈ። ከ1911 እስከ 1915 ብቻ ከመደበኛው ውጪ 41 ሚሊዮን ዶላር ልዩ የትርፍ ክፍፍል ተከፈለ። በ1916 ግን ፎርድ ልዩ ክፍያውን አቆመ። ትርፉ አዲስ ፋብሪካ ይሠራበታል፣ የመኪናውም ዋጋ ከ440 ወደ 360 ዶላር ይወርዳል ተባለ። 10 በመቶ ድርሻ የነበራቸው ዶጆች በዚያን ጊዜ የራሳቸውን መኪና ማምረት ጀምረዋል። ክፍያው ሲቋረጥ የእነሱም ሥራ ይነካል። ስለዚህ ከሰሱት።

በ1919 የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ወሰነ፤ ፋብሪካውን መሥራቱን ግን አልከለከለም። የሚገርመው፣ ፎርድ ራሱ ከግማሽ በላይ ድርሻ ስላለው አብዛኛው ገንዘብ ተመልሶ ወደ እሱ ኪስ ገባ።

ፎርድ ግን በዚህ አላበቃም። ፕሬዚዳንትነቱን ከውሳኔው ቀደም ብሎ ለልጁ ለኤድሰል ለቆ ነበር፤ ሌላ ኩባንያ ሊያቋቁም ነው የሚል ወሬም ተሰማ። ባለአክሲዮኖቹ ሸጡ። በዚያው ዓመት ወደ 106 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ አብዛኛውንም ተበድሮ፣ ድርጅቱን ጠቅልሎ የቤተሰቡ አደረገው። የዶጆች ድርሻ 25 ሚሊዮን ነበር።

ከዚያ በኋላ የትርፉ ጉዳይ የአባት፣ የእናትና የልጅ የቤት ጉዳይ ሆነ። ከሳሽ የለም። ይሄ ፋብሪካውን በነፃነት ለመገንባት ጠቅሞታል፤ ነገር ግን ሲሳሳት የሚያስቆመውም ጠፋ። ሞዴል ቲን እስከ 1927 አልለቅም ብሎ ገበያውን ለጄኔራል ሞተርስ አስረከበ። ኤድሰል በ1943፣ አባቱ በ1947 ሞቱ። አብዛኛው አክሲዮን በ1936 ለተቋቋመው ፎርድ ፋውንዴሽን ተላለፈ። ፋውንዴሽኑ በ1956 አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ ድርጅቱ እንደገና የውጭ ባለድርሻ ኖረው፤ ቤተሰቡም በልዩ አክሲዮን 40 በመቶውን ድምፅ ይዞ ቀረ።

እንግዲህ ትርፍ ይከፈል ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው የትርፉ መጠን ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ማን ነው የሚለውም ነው። እኛም ነገ አንድ ድርጅት ትርፍ አልከፈለም የሚል ዜና ስንጽፍ ከገንዘቡ ቁጥር ጎን ድምፁ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ይኖርብናል።