ቤርታ ፓፐንሃይም፦ በንግግር የታከመችው የመጀመሪያዪቱ ሰው

በሐዋሳ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ ሐዘን የጸናበት ወይም እንቅልፍ የነሣው ሰው ብሶቱን ለመናገር ሲሻ አስቀድሞ ወደ ሐኪም የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። የነፍስ አባት ያለው ለነፍስ አባቱ ይነግራል፤ ጸሎት ቤት የሚያዘወትረው ለመጋቢው ወይም ለሽማግሌው ያዋያል፤ ብዙ ሴቶችም በቡና ላይ ለጎረቤታቸው የልባቸውን ያወጣሉ። ወደ ሕክምና የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ሲሆን፣ ሲመጣም ክኒን ወይም መርፌ አስቦ ነው። ባለሙያው ወንበር ስቦ ስለ ኑሮው ሲጠይቀው፣ ለወሬማ ጎረቤት መች አነሰኝ ብሎ በሆዱ ቅር የሚለው ታካሚ ለሞያ ባልደረቦች እንግዳ አይደለም።

ቅሬታው መልስ የሚገባው ነው። ንግግር በእርግጥ ያድናልን? የሚያድንስ ከሆነ ማንም ቢያዳምጥ ያው ነውን፣ ወይስ አዳማጩ ሊመረጥ ይገባል? መጻሕፍት ይህን ከመመርመራቸው በፊት በገዛ ሰውነቷ የመረመረችው፣ ለሕክምናውም ስም ያወጣችለት፣ በቪየና ከተማ ትኖር የነበረች አንዲት የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ናት። በሕክምና ታሪክ የምትታወቀው አና ኦ. በሚል የሽፋን ስም ነው። እውነተኛ ስሟ ቤርታ ፓፐንሃይም ይባላል። የስሟ መነሻ የሆኑት ቢ እና ፒ የተባሉት የላቲን ፊደላት አንዳንድ ፊደል ወደ ኋላ ሲመለሱ ኤ እና ኦ ስለሚሆኑ፣ የሽፋን ስሙ ከዚያ እንደ ወጣ ይታመናል።

ቤርታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1859 ተወለደች፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አባቷ ዚግሙንድ ፓፐንሃይም ባለጸጋ ነጋዴ፣ እናቷ ሬሃ ጎልድሽሚት የፍራንክፈርት ተወላጅ ነበሩ፤ ቤቱም የአይሁድን ሃይማኖት ሥርዓት አጥብቆ የሚጠብቅ ነበር። ከሁለት ታላላቅ እኅቶቿ አንደኛዋ በሕፃንነቷ ሞታለች፤ ሁለተኛዪቱ ሄንሪዬተ ደግሞ ቤርታ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች በሳንባ ነቀርሳ ዐረፈች። ቤርታ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ትምህርቷ ተቋርጦ እቤት እንድትቀመጥ ተደረገ። ታናሽ ወንድሟ ቪልሄልም ግን ትምህርቱን ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ኢጣሊያንኛ የምታውቅ፣ አእምሮዋ የሰላ ልጃገረድ፣ ጥልፍ እየጠለፈችና ፒያኖ እየተጫወተች ባል የሚመጣበትን ቀን ትጠብቅ ጀመር። እጇ መርፌና ክር ይዞ ሳለ ልቧ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነበር። በሐሳቧ ተረት እየፈጠረች በዚያ መኖርን ልማድ አደረገች፤ ልማዱንም የግል ቴአትሯ ትለው ነበር።

በጁላይ ወር 1880 አባቷ በብርቱ የሳንባ ሕመም አልጋ ያዙ። የቀኑን አስታማሚነት እናቷ ሲይዙ የሌሊቱ ለቤርታ ደረሰ። ወራት እያለፉ ሲሄዱ አስታማሚዪቱ ራሷ ከሳች፤ ምግብ ጠላች፤ ደረቅ ሳል ያዛት። ስለዚሁ ሳል በኖቬምበር ወር ዶክተር ዮሴፍ ብሮየር ተጠሩ። እኒህ ሐኪም ያን ጊዜ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ሲሆኑ፣ በአተነፋፈስ ሥርዓት ላይ ባደረጉት ምርምር ስማቸው የገነነ ነበር። በዲሴምበር ቤርታ አልጋ ላይ ስትውል ነገሩ ከሳል ያለፈ መሆኑ ታወቀ። ቀኝ እጇ ደርቆ አልታዘዝ አላት፤ እግሮቿም እንዲሁ ሆኑ፤ ዓይኗ ተንሸዋረረ፤ አንዳንዴ ራሷን እየሳተች እባብ ይታያት ጀመር። በዘመኑ አነጋገር ሕመሙ ሂስቴሪያ ተባለ፤ ለሂስቴሪያ ግን የረባ መድኃኒት አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የቋንቋዋ ነገር ነው። በመጀመሪያ ቃላት ጠፉባት፤ ከዚያም ሰዋስው ተበተነባት፤ በመጨረሻ ለሁለት ሳምንታት ያህል ጭራሽ መናገር አቃታት። አንደበቷ ሲፈታ የተናገረችው በአፍ መፍቻዋ በጀርመንኛ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ነበር። በእንግሊዝኛ መናገሯን ግን ራሷ አላወቀችም። ሌላው ሰው በጀርመንኛ የሚላትን እየሰማች በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ አስታማሚዋ ነርስ ቃሉ ሳይገባት ስትቀር፣ የምለውን እያወቀች እንቢ ትለኛለች ብላ ከነርሷ ጋር ትጣላ ነበር። ዶክተር ብሮየር ግን እንግሊዝኛ ያውቁ ነበርና ንግግሩ ቀጠለ። ሐኪሙ ያን ቋንቋ ባያውቁ ኖሮ የንግግር ሕክምና የሚባለው ነገር በዚያ ቤት ባልተወለደም ነበር።

ይህን ለሐዋሳ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። በአንዱ የሕክምና ተራ ወንበር ላይ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይውላሉ። በገበያና በቢሮ አማርኛ አሳምሮ የሚናገር ሰው የሞተ ልጁን በአማርኛ ማልቀስ ሊያቅተው ይችላል። በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ከተጀመረበት ከ1987 ወዲህ የባለሙያው ቁጥር ቢጨምርም፣ ታካሚው በየትኛው ቋንቋ ማልቀስ እንደሚቀናው አስቀድሞ መጠየቅ ዛሬም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አስተርጓሚ ለመድኃኒት አወሳሰድ ይበቃል፤ ለምስጢር ግን ሦስተኛ ጆሮ ነው።

ዶክተር ብሮየር በየምሽቱ ይመጡ ነበር። ቤርታ ቀን በሰመመን ውስጥ ሆና ካጉተመተመቻቸው ቃላት አንዱን ሲደግሙላት፣ ከዚያ ተነሥታ ረጅም ተረት ታወራለች፤ ተረቱም አብዛኛውን ጊዜ በታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ስለ ተቀመጠች ልጃገረድ ነበር። ተናግራ ስትጨርስ ልቧ ያርፋል። አንድ ምሽት ያለፋት እንደ ሆነ ግን በማግሥቱ ይብስባታል። ይህንን ሥራ ቁም ነገሩን ስትናገር በእንግሊዝኛ የንግግር ፈውስ አለችው፤ ስትቀልድ ደግሞ የጢስ ማውጫ ጠረጋ ትለው ነበር። ስያሜው የሐኪሙ ሳይሆን የታማሚዪቱ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

በኤፕሪል 5 ቀን 1881 አባቷ ሞቱ። ያ ሁሉ ሌሊት ከንቱ ሆነ። ሕመሙ በረታ፤ ራሷን እንዳታጠፋም ስለ ተሠጋ ያለ ፈቃዷ ከቪየና ወጣ ብላ በምትገኘው በኢንትሰርስዶርፍ እንድትቀመጥ ተደረገ። ዶክተር ብሮየር ለእረፍት በሄዱ ጊዜ ሌላ ሐኪም ተተካላት፤ ለእርሱ ግን አንዲት ተረት እንኳ አላወራችም። ከዚያም ቀደም ሲል ለምክር የመጣ አንድ ሐኪም በክፍሉ የሌለ ያህል አላየው ስትል፣ ጢስ ፊቷ ላይ እፍ አለባት፤ እርሷም ወደ በሩ ሮጣ ራሷን ስታ ወደቀች። ሁለቱም ሐኪሞች ነበሩ፤ ሁለቱም ለዚህች ታማሚ አልሆኑም። ሰውየው የተማረ መሆኑ ብቻ በቂ አለመሆኑ ከመነሻው የታየ ነገር ነው።

በብዙ የትምህርት መጽሐፍ የሚጠቀሰው የውኃው ታሪክ የዚያው ዘመን ነው። ሙቀቱ በበረታበት ወቅት ቤርታ ውኃ ሲጠማት ብርጭቆውን ታነሣለች፤ ከንፈሯን ሲነካ ግን ተጸይፋ ትገፋዋለች፤ ስድስት ሳምንት ያህል ጥሟን የቆረጠችው ሐብሐብን በመሰለ ፍራፍሬ ነበር። አንድ ምሽት በሰመመን ሳለች፣ የማትወዳት እንግሊዛዊት ባልንጀራዋ ውሻ ከብርጭቆ ውኃ ሲጠጣ አይታ በይሉኝታ ዝም ማለቷን አወራች። የታፈነ ቁጣዋን ካወጣች በኋላ ውኃ አምጡልኝ ብላ ብዙ ጠጣች፤ ጭንቁም አልተመለሰም። ከዚህ በኋላ ሐኪምና ታማሚ ሆነው ምልክቶቹን አንድ በአንድ ወደ መነሻቸው ይከተሉ ጀመር፤ በጁን ወር 1882ም ሥራው ተፈጸመ ተባለ።

ዶክተር ብሮየር ከዶክተር ሲግመንድ ፍሮይድ ጋር በ1895 ባሳተሙት ስለ ሂስቴሪያ በሚናገረው መጽሐፍ፣ ወጣቷ ከሥቃዩ ነጻ ወጥታ ቪየናን ለቅቃ መጓዟን፣ ጤናዋም በሙሉ እስኪመለስ ጊዜ መውሰዱን ጽፈዋል። የሥነ አእምሮ ትንተና የተባለው ሞያ መሠረቱን ያቆመው በዚህ ታሪክ ላይ ነው። በ1972 ሄንሪ ኤለንበርገር የተባሉ የሕክምና ታሪክ ተመራማሪ ያገኙት ሰነድ፣ ቀጥሎም በ1978 አልብሬሽት ሂርሽሙለር ያሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ሕክምናው አለቀ በተባለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጁላይ 1882፣ ቤርታ በስዊዘርላንድ ክሮይትስሊንገን ወደሚገኘው ቤልቪው የተባለ የሕሙማን ማረፊያ ገብታ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ቆይታለች። የገባችውም ብርቱ የፊት ነርቭ ሕመም ይዛ፣ ለዚሁ ሕመምና ለእንቅልፍ ሲሰጣት የኖረውም ሞርፊንና ክሎራል ልማድ ሆኖባት ነው። ጀርመንኛዋም አልፎ አልፎ ይጠፋባት ነበር። ከዚያም እስከ 1887 ድረስ ሦስት ጊዜ በኢንትሰርስዶርፍ ማረፊያ ተኝታለች።

ስለ መለያየታቸው አንድ ወሬ ከክፍል ወደ ክፍል ሲተላለፍ ኖሯል፦ ታማሚዪቱ ከሐኪሙ አረገዝሁ ብላ በማማጧ ዶክተር ብሮየር ደንግጠው ሸሹ፣ ከሚስታቸውም ጋር ወደ ኢጣሊያ ሄደው በዚያ ሴት ልጅ ተጸነሰች የሚል ነው። ወሬውን ያሰፋው ኧርነስት ጆንስ በ1953 ያሳተሙት የፍሮይድ የሕይወት ታሪክ ሲሆን፣ የቤርታን እውነተኛ ስም ለሕዝብ የገለጠውም ይኸው መጽሐፍ ነው። የሐኪሙ ልጅ ግን በማርች 1882 ሕክምናው ገና ሳያልቅ ተወልዳ ነበር፤ የቀረውንም የሚደግፍ የጊዜው ሰነድ የለም። የታማሚን ገመና ለማስተማሪያ ተረት ማድረግ ዛሬም ያልጠፋ የሞያው ጉድለት ነው።

እንግዲህ ንግግሩ ከንቱ ነበርን? ውኃ መጠጣቷ እውነት ነው፤ ከየምሽቱ ተረት በኋላ ማረፏም እውነት ነው። ስሕተቱ የተገኘውን እፎይታ ሙሉ ፈውስ ብሎ መመዝገቡ ላይ ነው። ዶክተር ብሮየር አዳማጭም፣ የእንቅልፍ መድኃኒት አዛዥም፣ የውጤቱ መስካሪም ራሳቸው ብቻቸውን ነበሩ፤ አካሄዱን ከጎን ሆኖ የሚያይ ባልደረባ አልነበራቸውም። ይህን ሁሉ ጊዜ ለአንዲት ሴት ቃል ጆሮ መስጠታቸው ግን በዚያ ዘመን የማንም ሐኪም ትዕግሥት የማይደርስበት ነበር፤ ይህም ሊነፈጋቸው አይገባም።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ጥያቄውን በቁጥር መዝነውታል። በ2003 የታተመ የኡጋንዳ ጥናት፣ በሠላሳ መንደሮች ውስጥ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች አጭር ሥልጠና ወስደው ለ16 ሳምንታት በሳምንት አንድ ጊዜ የመሩት የቡድን ውይይት በድባቴ የተያዙትን በእጅጉ እንዳሻሻለ አሳይቷል። በ2016 የታተመውም የሐራሬ ጥናት፣ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ችግርን በመፍታት ዘዴ የሚያወያዩ የሠለጠኑ እናቶች ተመሳሳይ ፍሬ እንዳገኙ መስክሯል። እነዚህ ሰዎች ጎረቤት ይመስላሉ፤ ነገር ግን ወሬ አያወጡም፣ የተወሰነ ሰዓትና መንገድ አላቸው፣ በላያቸውም የሚከታተላቸው አለ፣ የታካሚው ሁኔታም እየተመዘነ ካልተሻለው ወደ ሌላ ይላካል። ታካሚውን ለተሻለ ሰው አሳልፎ መስጠት ለባለሙያው እንደ ሽንፈት ሊቆጠር አይገባም፤ ቤርታ ለተተኪው ሐኪም ዝም ማለቷ የተተኪው ክብር መነካት እንዳልነበረ ሁሉ።

ቤርታ በኖቬምበር 1888 ከእናቷ ጋር ወደ ፍራንክፈርት ተዛወረች። ዕድሜዋ ሃያ ዘጠኝ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ሕይወት የሌላ ሰው እስኪመስል ድረስ የተለየ ነው፤ ለባለ ታሪኳም አንቱታ የሚገባበት ነው። ወይዘሪት ፓፐንሃይም ያን የግል ቴአትራቸውን ወደ ወረቀት አውጥተው የልጆች ተረት አሳተሙ። ያ የሐኪሞች መጽሐፍ በወጣበት በ1895 እርሳቸው የአይሁድ ሴት ልጆች ማሳደጊያ ኃላፊ ሆነው ሥራ ጀመሩ፤ በዚያም አሥራ ሁለት ዓመት ቆዩ። በ1899 የሜሪ ዎልስተንክራፍትን ስለ ሴቶች መብት የሚናገር መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ መለሱ። በ1904 የአይሁድ ሴቶች ማኅበርን መሥርተው ለሃያ ዓመት መሩት። ሴት ልጆችን ለዝሙት የሚሸጡ ደላሎችን ለማጋለጥ ወደ ጋሊሲያ፣ ወደ ባልካንና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ተጓዙ። በ1907 በኖይ ኢዘንቡርግ ከተማ ያለ ጋብቻ ለወለዱ እናቶች፣ ለሕፃናቶቻቸውና ለአደጋ ለተጋለጡ ልጃገረዶች መጠጊያ ቤት ከፈቱ።

ስለ ሕመማቸው ዘመን አይናገሩም ነበር። በቅርብ ያወቋቸው እንደ መሰከሩት፣ በእርሳቸው ጥበቃ ሥር ላሉ ልጃገረዶች የሥነ አእምሮ ትንተና ይደረግላቸው የሚል ሐሳብ ሲነሣ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ይህ ከመራራ ትዝታ የመጣ ይሁን ወይም ከሃይማኖታቸው፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ይገምታል። የሚታወቀው ግን ልጆቹን ትምህርትና ሥራ ማስያዛቸው፣ እርሳቸውን በአሥራ ስድስት ዓመት የተከለከሉትን ሁሉ መስጠታቸው ነው። ኢንትሰርስዶርፍም ሆነ ክሮይትስሊንገን ይህን መድኃኒት አላዘዙላቸውም ነበር።

በ1936 የጸደይ ወራት፣ በብርቱ ታመው ሳሉ፣ የናዚ ፖሊስ ጠርቶ መረመራቸው። በሜይ 28 ቀን በዚያው በኖይ ኢዘንቡርግ ዐረፉ። በኖቬምበር 1938 የናዚ ጭፍሮች መጠጊያ ቤቱን ወረው ዋናውን ሕንፃ አቃጠሉ፤ በ1942 ፈጽሞ ተዘጋ። የምዕራብ ጀርመን ፖስታ ቤት በ1954 የሰው ልጅ ረዳቶች ለተባሉ ሰዎች ባወጣው የቴምብር ተራ ውስጥ የወይዘሪቷን መልክ አትሟል። በቴምብሩ ላይ የተጻፈው ስም ቤርታ ፓፐንሃይም ነው።