ብልሽት ፈላጊው ሩዶልፍ ዲዝል

ከሰቃ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ገጠሩ የሚጓዝ ሰው ወፍጮ ቤቱን ገና ሳያየው ድምፁን ይሰማዋል። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ ይላል። የኤሌክትሪክ መብራት ባልደረሰበት ቦታ በቆሎ የሚያስፈጨው፣ ቡና የሚያስፈለፍለው፣ በሰቃና በጅማ መካከል ሰውና ጭነት የሚያመላልሰውም የናፍጣ ሞተር ነው። እኛ ነዳጁን ናፍጣ እንለዋለን። በብዙ አገር ግን ነዳጁም ሞተሩም የሚጠሩት በአንድ ሰው ስም ነው፤ ዲዝል ይባላሉ።

ይህ ሰው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ታሪኩን ያነሳነው ሞተር ስለሠራ ብቻ አይደለም። እምቢ ያለ ሞተር ሥር ዓመታት ቁጭ ብሎ ብልሽቱን አንድ በአንድ የፈለገ ሰው ስለነበረ ነው። ትዕግሥቱ ምን እንዳስገኘለት፣ ጥድፊያውም ምን እንዳስከፈለው ማወቅ ነገ ክፍል ውስጥ ለምንቆም ሰዎች ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ሩዶልፍ ዲዝል የተወለደው በ1858 ፓሪስ ከተማ ውስጥ ከጀርመን ወላጆች ነው። አባቱ በቆዳ ሥራ የሚተዳደር ስለነበር ትንሹ ሩዶልፍ የተሠራውን ዕቃ በጋሪ እየገፋ ለደንበኛ ያደርስ ነበር። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሳ ጀርመኖች ከፓሪስ እንዲወጡ ተደረገ። ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ። ኑሮ ስለከበደ ልጁ በ12 ዓመቱ ተለይቶ ጀርመን አገር አውግስቡርግ ከተማ ወደሚኖሩ ዘመዶቹ ተላከ። የተቀበለው የአክስቱ ባል የሂሳብ መምህር ነበር። እንግዲህ የመሐንዲሱ መንገድ የተጀመረው በአንድ መምህር ቤት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወደ ሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ። መመረቂያው ፈተና ሲደርስ የአንጀት ተስቦ ይዞት አመለጠው። በ1880 ተፈትኖ ግን በከፍተኛ ውጤት አለፈ። ከአስተማሪዎቹ አንዱ የማቀዝቀዣ መኪና የፈለሰፈው ካርል ፎን ሊንደ ነበር። ዲዝል ከሊንደ ክፍል አንድ ነገር ይዞ ወጣ። በዚያ ዘመን ፋብሪካውንና ባቡሩን የሚያንቀሳቅሱት የእንፋሎት ሞተሮች ከሚያገኙት ሙቀት ከመቶ አሥር እጁን ያህል እንኳ ለሥራ አያውሉትም፤ የቀረው በከንቱ ይባክናል። ይህ ነገር ወጣቱን እንቅልፍ ነሳው።

ሐሳቡ

የብስክሌት ጎማ የነፋ ሁሉ የፖምፓው ጫፍ ሲሞቅ አይቷል። አየር ሲጨመቅ ይግላል። የዲዝል ሐሳብም እዚህ ላይ የቆመ ነው። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ብቻ አጥብቆ ይጨምቀዋል። አየሩ እጅግ ሲግል ነዳጅ ይረጭበታል፤ ነዳጁም በራሱ ይቀጣጠላል። ካንዴላ አያስፈልግም። ለዚህ ሐሳብ በ1892 የባለቤትነት መብት ጠየቀ። የአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካና የክሩፕ ኩባንያም ወጪውን ሊሸፍኑለት ተስማሙ።

ሞተሩ እምቢ አለ

በነሐሴ 1893 የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲቀጣጠል የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ስብርባሪው ተበተነ። ሞተሩ በራሱ ኃይል አልዞረም። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ይተወው ነበር። ዲዝል ግን ፍንዳታውን እንደ መልስ ቆጠረው። ነዳጁ ያለ እሳት መለኮሱ ተረጋገጠ፤ የቀረው ሌላው ለምን እንዳልሠራ መፈለግ ነው።

ፍለጋውን በየተራ አደረገው። አንደኛ፣ አየሩ በፒስተኑና በቫልቮቹ ጠርዝ እየሾለከ ስለነበር ማሸጊያዎቹ ደጋግመው ተለወጡ። ሁለተኛ፣ በወረቀት ላይ ያሰበው ግፊት በጊዜው ብረት የማይቻል ሆኖ ስላገኘው የራሱን ሒሳብ አርሞ ግፊቱን ዝቅ አደረገ። ሦስተኛ፣ ነዳጁ በደንብ ስላልተበተነ በታመቀ አየር እንዲረጭ አደረገ። ቤንዚንም ላምባም ሌላም ነዳጅ ሞከረ። የእያንዳንዱን ቀን ሙከራ ውጤት ይመዘግብ ነበር።

በየካቲት 17 ቀን 1894 ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ዞረ፤ የቆየው ግን አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የሚያሽከረክረው ቀበቶ ውጥረቱ መለወጡን ያየው መካኒክ፣ ሞተሩ ራሱ መጎተት መጀመሩ ገብቶት፣ ምንም ሳይናገር ቆቡን አንስቶ ለዲዝል እጅ ነሳ ይባላል። ልክ በሦስት ዓመቱ፣ በየካቲት 17 ቀን 1897፣ የሙኒክ ፕሮፌሰር የነበረው ሞሪትስ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ ፈተነው። ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26 እጁን ለሥራ አዋለ። እንደዚህ ያለ ውጤት ያስገኘ ሞተር ከዚያ በፊት አልታየም።

ጥድፊያው ያመጣው ጣጣ

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተቻኮለ። ፈቃዱ ለብዙ አገር ኩባንያዎች ተሸጠ፤ ዲዝልም ባለጸጋ ሆነ። ሞተሩ ግን ገና አልበሰለም ነበር። በ1898 የመጀመሪያው የገበያ ሞተር፣ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ኬምፕተን ከተማ ለሚገኝ የክብሪት ፋብሪካ ተተከለ። ሞተሩ በየጊዜው እየቆመ ጠጋኝ ሲያመላልስ ከረመ። አውግስቡርግ ውስጥ በስሙ የተቋቋመው የሞተር ፋብሪካም ሳይሳካለት ቀርቶ በኋላ ተዘጋ። ዲዝል በድካምና በጭንቀት ታሞ ተኛ። በሙከራ ቤት አንድ ዓመት መታገስ በገበያ ላይ ከሚመጣ ውርደት ይሻል እንደነበር ያኔ ታየ።

በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ግን ሞተሩ ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። እዚያው አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታየ። ዲዝልም በኋላ ገበሬው ከማሳው በሚያገኘው ዘይት ሞተር የሚያስነሳበት ቀን እንደሚመጣ ተስፋ ያደርግ ነበር።

ወደ ውኃው

ከ1903 ጀምሮ ሞተሩ በጀልባና በመርከብ ሆድ ውስጥ ይተከል ጀመር። ፍራም የተባለችው የኖርዌይ ባለ ሸራ መርከብ የእንፋሎት ሞተሯ ወጥቶ በ1910 የዲዝል ሞተር ገባላት፤ ሮአልድ አሙንድሰንን ወደ ደቡብ ዋልታ ጉዞው ያደረሰችውም እሷ ናት። የእንፋሎት ሞተር ውኃው እስኪፈላ ሰዓታት ያስጠብቃል። ናፍጣው ግን ነፋስ ሲጠፋ ቶሎ ይነሳል። በ1912 ደግሞ ሴላንዲያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በዲዝል ሞተር ከኮፐንሀገን እስከ ባንኮክ ተጓዘች።

በባለ ሸራ ጀልባ ውስጥ ያለ ሞተር አንድ የታወቀ አመል አለው። ወደብ ላይ ቆሞ ሲፈትኑት ደህና ይሠራል። ባሕር ላይ ማዕበል ሲነሳ፣ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ያስልና ቀጥ ይላል። ጀማሪው ሰው ወዲያው ናፍጣ መርጫውን ይፈታል፤ ፖምፓውን ያወርዳል። ብልሹ ነገር ግን እዚያ ላይሆን ይችላል። ጀልባዋ ስትናወጥ ከሰልባትዮው ሥር የተኛው ቆሻሻና ውኃ ተበጥብጦ ፊልትሮውን ይዘጋዋል። አዋቂው ከቀላሉ ይጀምራል። ናፍጣ አለ ወይ? ፊልትሮው ንጹሕ ነው ወይ? ውኃ ገብቷል ወይ? በመስመሩ ውስጥ አየር አለ ወይ? ብሎኑን ላላ አድርጎ አረፋው እስኪያልቅ ናፍጣውን ያፈሰዋል። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ አየሩ በደንብ መጨመቁን ይመረምራል። አንድ ነገር ለውጦ ይሞክራል፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ከለወጠ የትኛው እንደፈወሰው አያውቅም። ወፍጮ ቤትም ሆነ ኮረኮንች መንገድ ላይ ያለ መኪና ሕጉ ያው ነው።

መጨረሻው

ዲዝል ገንዘቡን በመሬት ንግድ አጥቶ በዕዳ ተዘፈቀ። በመስከረም 29 ቀን 1913 ማታ ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በሚሄደው ድሬስደን በተባለ መርከብ ተሳፈረ። ራቱን በልቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ በማግሥቱ ግን አልተገኘም። ከቀናት በኋላ ሬሳው ባሕር ላይ ታየ፤ በኪሱ የነበረውን ዕቃ ልጁ የአባቱ መሆኑን አረጋገጠ። ዕድሜው 55 ነበር። ራሱን ገደለ የሚሉ ይበዛሉ፤ ሌላ የሚሉም አሉ።

እኛስ ምን እንማር? በሙከራ ቤቱ የነበረው ዲዝል ሞተሩን አልረገመም፤ ምክንያቱን ጠየቀ። ነገ ከፊታችን የሚቀመጥ ልጅ ማንበብ ሲያቅተው ሰነፍ ነው ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። መርጫውን ከመፍታታችን በፊት ፊልትሮውን እንይ። ዓይኑ ነው? ሳይበላ መጥቶ ነው? መንገዱ ርቆት ነው? ወይስ የኛ አነጋገር አልገባውም? አንድ በአንድ እንጠይቅ፤ ያገኘነውንም እንመዝግብ።