ዐፄ ሱስንዮስና የወይና ደጋ ሜዳ

ዐፄ ሱስንዮስ የአቤቶ ፋሲለደስ ልጅ፥ የዐፄ ልብነ ድንግልም ዘር ነበሩ። ገና ልጅ ሳሉ የኦሮሞ ጦር አባታቸውን ገደለ፥ እርሳቸውንም ማርኮ ወሰዳቸው። ከዚያ ሕዝብ ጋራ ጥቂት ዘመን ተቀምጠው ቋንቋውን ተማሩ፥ የጦሩንም ስልት አወቁ።

ከምርኮ ከተመለሱ በኋላ ጐልምሰው ጭፍራ ሰበሰቡ፤ ብዙ ዓመትም ከአገር አገር እየዞሩ ተዋጉ። በ1599 ዓ.ም. በጎጃም ጎል በተባለው ስፍራ ዐፄ ያዕቆብን ድል ነሡ። በዚያ ቀን ንጉሡ ያዕቆብም ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም ሞቱ። ሱስንዮስም ዘውዱን በጦር አገኙ። ዘውድን በጦር ያገኘ ሰው ሌላውን ነገር ሁሉ በጦር ማግኘት የሚቻል ይመስለዋል።

በዚያም ዘመን አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባሉ የእስፓንያ ሰው በአገራችን ያስተምሩ ነበር። ንጉሡም ትምህርታቸውን ወደዱ፤ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። ልባቸው ያመነበትን መከተላቸው ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡን ሁሉ በአዋጅ አስገደዱ። ቀድሞም በ1609 ዓ.ም. ስለዚሁ ነገር ጦር ተነሥቶ አማቻቸው ዮልዮስና ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ሞተው ነበር። በ1617 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ ከመጡ በኋላ ግን ነገሩ ባሰ። ካህናቱ እንደ ገና ይሾሙ፥ ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፥ ጾሙና በዓሉ ይለወጥ ተባለ።

ስለዚህም በየአገሩ ሽፍትነት በዛ። የላስታ ሰዎችም መልክአ ክርስቶስን መሪ አድርገው ተነሡ። ንጉሡ ጦር ላኩ፤ ደግሞም ላኩ። ሠራዊቱም ከገዛ ወንድሙ ጋራ መዋጋት ሰለቸው። ንጉሡ ይህን አይተው ሥርዓቱን በጥቂቱ አላሉት፤ ጦሩ ግን አልቆመም።

በ1624 ዓ.ም. በሰኔ ወር ሁለቱ ጦሮች በወይና ደጋ ተጋጠሙ። ድሉም የንጉሡ ሆነ። ከላስታ ገበሬዎች ወገን 8 ሺሕ ያህል ሰው እንደ ወደቀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ያን ጊዜ መኳንንቱና ወታደሮቹ ንጉሡን በሬሳው መካከል አሳለፏቸው። የወደቁት ሁሉ የባዕድ አገር ጠላቶች ሳይሆኑ የገዛ ሕዝባቸው ክርስቲያኖች፥ የወታደሮቹም የሥጋ ዘመዶች መሆናቸውን ነገሯቸው። ከእንግዲህ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም የሚሞተው ያው አንድ ወገን እንደ ሆነ አስረዷቸው።

ብዙ ጦርነት ያሸነፉት ንጉሥ ይህን ድል ሊሸከሙት አልቻሉም። በዚያው ወር እያንዳንዱ ሰው ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥታቸውንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከጥቂት ወራትም በኋላ ዐረፉ፥ አዘዞ በሚገኘው በገነተ ኢየሱስም ተቀበሩ። ይሁን እንጂ ልጃቸው የአባታቸውን ትምህርት ፈጽሞ አልያዙም፤ የካቶሊክ መምህራንን አሳደዱ፥ ሃይማኖታቸውን ያልተዉ ሰዎችም መከራ ተቀበሉ።

ዐፄ ሱስንዮስ እውነቱን ያወቁት ሬሳ ከቈጠሩ በኋላ ነው። ከዐባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ባሉት ተራሮች የሚኖሩ የጋሞ ሽማግሌዎች ግን ደም ሳይፈስ የሚደርሱበት ልማድ አላቸው። ጠብ ሲነሣ እርጥብ ሣር ይዘው በመካከል ይቆማሉ፤ ሣሩን የያዘውን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነው። በ2011 ዓ.ም. በመስከረም ወር በአርባ ምንጭ ከተማ የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፥ ሽማግሌዎቹ ሣራቸውን ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ።

ልጆች ሆይ፥ የወይና ደጋ ሙታን ለንጉሡ የከበዱባቸው ዘመድ ስለ ነበሩ ነው። ነገር ግን ዘመድ የሌለው ሙት የለም፤ በሩቅ አገር የሚወድቀውም የአንዲት እናት ልጅ ነው። ይህን ሬሳ ሳያይ የሚያውቅ ሰው ከንጉሡ ይልቅ ብልህ ነው።