ቁስልን አጥንተው ፔኒሲሊንን ያገኙት ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ

ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው እጁን እሾህ ቢወጋው ወይም ፊቱን ቢጫር፣ ጉዳቱ ጥቂት ቢመስልም ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችል ነበር። በቁስሉ በኩል የገቡት ጀርሞች ወደ ደም ከተዛመቱ፣ ሐኪሙ ቁስሉን ከማጠብ፣ መግሉን ከማፍሰስና የተበከለውን አካል ከመቁረጥ የዘለለ ብዙም የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። ይህንን ታሪክ ከለወጡት ሳይንቲስቶች አንዱ ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ናቸው። ስማቸው ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ፔኒሲሊን የተባለውን መድኃኒት ነው። ይሁንና ወደዚህ ግኝት ያደረሳቸው ጥናት የተጀመረው በጦርነት ቁስለኞች አልጋ አጠገብ ነበር፤ በሕይወታቸው ማምሻ ላይም ለመላው ዓለም አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ትተው አልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ፍሌሚንግ ኦገስት 6 ቀን 1881 በስኮትላንድ፣ ዳርቬል ከተባለች ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ የእርሻ ቤት ተወለዱ። ገበሬ የነበሩት አባታቸው ያረፉት እርሳቸው የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። በ13 ዓመታቸው ወደ ለንደን ተሻግረው ትምህርታቸውን ከቀጠሉ በኋላ በአንድ የመርከብ ድርጅት ለአራት ዓመታት ያህል በጸሐፊነት አገለገሉ። ከአጎታቸው የደረሳቸው ውርስ ግን የሕይወታቸውን አቅጣጫ ለወጠው። በ1901 በለንደን የሴንት ሜሪ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1906ም ትምህርታቸውን በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ።

ከዚያም በዚሁ ሆስፒታል ሰር አልምሮት ራይት በሚመሩት የክትባት ምርምር ክፍል ተቀጠሩ። ራይት በአንጀት ተስቦ ክትባት ሥራቸው የታወቁ ነበሩ፤ የሰው አካል በሽታን የሚከላከልበትን የተፈጥሮ ኃይል ማጠናከር ከሁሉ የሚቀድም ሕክምና ነው ብለውም ያምኑ ነበር። ይህ እምነት በወጣቱ ሐኪም ላይ ጥልቅ አሻራ አሳረፈ።

ከጦርነት ቁስለኞች የተገኘ ትምህርት

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ፍሌሚንግ በጦር ሠራዊቱ የሕክምና ክፍል ተመድበው ወደ ፈረንሳይ ሄዱ። ቡሎኝ በተባለችው የወደብ ከተማ፣ ቀድሞ የቁማር ቤት በነበረ ሕንጻ ውስጥ ከራይት ጋር ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። ከግንባር የሚመጡት ወታደሮች ቁስል በፈንጂ ስብርባሪ የተቦጫጨቀ፣ አፈርና የልብስ ቁራጭ የተቀበረበት ነበር። ከጥይት የተረፉ ብዙ ወታደሮች በጋንግሪን፣ በመንጋጋ ቆልፍና በደም መመረዝ ሲሞቱ ፍሌሚንግ በዓይናቸው ተመለከቱ።

በዘመኑ የተለመደው ሕክምና ቁስሉን ጀርም በሚገድሉ ብርቱ ኬሚካሎች ማጠብ ነበር። ፍሌሚንግ ይህ አሠራር በእርግጥ ይጠቅም እንደሆነ ለመመርመር ቀላል ዘዴ ፈጠሩ። እንደ ቁስል ጎድጓዳና ስርጓጉጥ ያለው የመስታወት ቱቦ ሠርተው ጀርም ያለበት ፈሳሽ ሞሉበት፤ ቀጥሎም በኬሚካሉ አጠቡት። በቱቦው ስርጓጉጥ ውስጥ የተደበቁት ጀርሞች ሳይሞቱ ተገኙ። ከዚህም የባሰው፣ ኬሚካሉ ጀርሞችን የሚዋጉትን ነጭ የደም ሴሎች የሚገድል መሆኑ ነው። ለማዳን የታሰበው መድኃኒት በጥልቅ ቁስል ውስጥ ጠላትን ትቶ ወገንን ይፈጅ ነበር ማለት ነው።

በዚህ መሠረት ፍሌሚንግና ራይት የሞተው ሥጋ ተቆርጦ እንዲወጣ፣ ቁስሉም በጨው ውሃ ታጥቦ በንጽሕና እንዲያዝ መከሩ። ብዙ ሐኪሞች የለመዱትን አሠራር ለመተው ባይፈቅዱም፣ ፍሌሚንግ ከዚያ ወዲህ የሚፈልጉትን ነገር ለይተው አወቁ፤ ጀርሙን የሚገድል፣ የሰውን አካል ግን የማይጎዳ መድኃኒት ነበር።

የፔኒሲሊን መገኘት

ከጦርነቱ መልስ በ1921 ጉንፋን ይዟቸው ሳለ የራሳቸውን የአፍንጫ ፈሳሽ ሲመረምሩ ሊሶዛይም የተባለውን ንጥረ ነገር አገኙ። በእንባ፣ በምራቅና በእንቁላል ነጩ ክፍል ውስጥም የሚገኘው ይህ ንጥረ ነገር አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ያሟሟል። ከባድ በሽታ በሚያስከትሉት ላይ የነበረው ኃይል ግን አነስተኛ ሆነ።

በሴፕቴምበር 1928 ከዕረፍት ሲመለሱ፣ ባክቴሪያ ካራቡባቸው የመስታወት ሳህኖች በአንደኛው ላይ ሻጋታ በቅሎ አዩ። በሻጋታው ዙሪያ የነበሩት ባክቴሪያዎች ጠፍተው ነበር። ሌላው ሰው ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው የሚችለውን ሳህን ፍሌሚንግ አስቀምጠው መረመሩት። ሻጋታው ያመነጨውንም ንጥረ ነገር ፔኒሲሊን ብለው ሰየሙት። በቡሎኝ የተማሩትን ባለመርሳት ንጥረ ነገሩ ነጭ የደም ሴሎችን ይጎዳ እንደሆነ ፈተሹ፤ አለመጉዳቱንም አረጋገጡ። በ1929 ባሳተሙት ጽሑፍ ለቁስል ሕክምና ሊያገለግል እንደሚችል ጠቆሙ። ይሁን እንጂ ንጥረ ነገሩ በቀላሉ የሚበላሽ ስለነበረ እርሳቸውም ሆኑ ረዳቶቻቸው አጣርተው መድኃኒት ሊያደርጉት አልቻሉም።

ይህንን የፈጸሙት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኧርነስት ቼይንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። በሜይ 1940 ገዳይ ባክቴሪያ ከተወጉ ስምንት አይጦች መካከል ፔኒሲሊን ያገኙት አራቱ ሲተርፉ፣ ያላገኙት አራቱ በማግስቱ ሞተው ተገኙ። በ1941 መጀመሪያ ደግሞ ፊቱና ዓይኑ በመግል የተወረረ አንድ ፖሊስ መድኃኒቱ ተሰጠው፤ በጥቂት ቀናትም ተሻለው። መድኃኒቱ እጅግ ጥቂት ስለነበረ ከታካሚው ሽንት እየተጣራ እንደገና ይሰጠው ነበር። በመጨረሻ ግን ጀርሙ ከሰውነቱ ተጠርጎ ሳይጠፋ መድኃኒቱ አለቀ፤ ሕመሙ አገርሽቶም ፖሊሱ ሞተ።

በ1942 ፍሌሚንግ ራሳቸው በማጅራት ገትር ሊሞት የተቃረበ ሰው አከሙ። ፍሎሪ የላኩላቸውን መድኃኒት በታካሚው አከርካሪ ውስጥ ጭምር ወግተው አዳኑት። ከዚያ በኋላ የብሪታንያና የአሜሪካ መንግሥታት ምርቱን በስፋት አሳደጉት፤ በጦርነቱ መገባደጃም ፔኒሲሊን የብዙ ሺህ ቁስለኞችን ሕይወት ለመታደግ በቃ። ፍሌሚንግ በ1944 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ በ1945ም ከፍሎሪና ከቼይን ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ማስጠንቀቂያው

በዲሴምበር 1945 ፍሌሚንግ በስቶክሆልም ባሰሙት የኖቤል ንግግር ደስታቸውን ገልጸው ብቻ አላበቁም። ባክቴሪያን ለመግደል በማይበቃ መጠን ከፔኒሲሊን ጋር ማገናኘት ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲቋቋም እንደሚያደርገው በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ይኸው ነገር በሰው አካል ውስጥም ሊደርስ እንደሚችል አሳሰቡ። ለማስረዳትም አንድ የምናብ ታሪክ ተረኩ። ጉሮሮውን የታመመ ሰው በራሱ ፈቃድ ፔኒሲሊን ገዝቶ ከሚገባው ያነሰ መጠን ይወስዳል። ጀርሞቹ ሳይሞቱ መድኃኒቱን ይላመዳሉ። በሽታው ወደ ሚስቱ ይተላለፍና የሳንባ ምች ይይዛታል፤ በፔኒሲሊን ብትታከምም መድኃኒቱ ስለማይሠራ ትሞታለች። ፍሌሚንግ ለሞቷ ተጠያቂ ያደረጉት መድኃኒቱን ያላግባብ የወሰደውን ባሏን ነበር።

ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ማርች 11 ቀን 1955 በለንደን መኖሪያ ቤታቸው በልብ ሕመም ዐረፉ፤ አመዳቸውም በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አረፈ። የምናብ ታሪካቸው ግን ዛሬ በየአገሩ የሚታይ እውነት ሆኗል። ጀርሞች ብዙ መድኃኒቶችን በመላመዳቸው ቀድሞ በቀላሉ ይድኑ የነበሩ ሕመሞች አስቸጋሪ እየሆኑ መጥተዋል።

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ አይገዛም፤ በቫይረስ ለሚመጣ ጉንፋንም አይጠቅምም። የታዘዘው መድኃኒት በታዘዘው መጠንና ለታዘዘው ጊዜ መወሰድ ይኖርበታል፤ የተረፈውን ለጎረቤት ወይም ለቤተሰብ ማካፈልም አይገባም። ጥልቅ ወይም አፈር የገባበት ቁስል ሲያጋጥም በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ተገቢ ነው። አንድ ሰው መድኃኒቱን የሚወስድበት መንገድ ከእርሱ አልፎ አብረውት የሚኖሩትን ሁሉ ይነካልና።