የሰንፍላወሯ ጥጥ ለቃሚ እና የምርጫው መዝገብ

የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት ላይ መጻፉ አንድ ነገር ነው፤ መብቱ መኖሩን ባለመብቱ እንዲያውቅ መደረጉ ግን ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ሰፊ ሊሆን እንደሚችል ለመገንዘብ የፈለገ ሁሉ፣ በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት ኖራ ያለፈችውን የፋኒ ሉ ሄመርን ታሪክ ቢመረምር ብዙ ይረዳል። ማንም ሰው በዘሩ ምክንያት የመምረጥ መብቱን እንዳይነፈግ የሚደነግገው 15ኛው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው በ1870 ነው፤ እዚህ ላይ የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከ92 ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ ይህች የ44 ዓመት ጥጥ ለቃሚ ጥቁር ሰው ተመዝግቦ መምረጥ እንደሚችል ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። ከማን እንደ ሰማች፣ ከሰማችም በኋላ ምን እንዳደረገች ነው ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ የምንሻው።

ፋኒ ሉ በጥቅምት 6 ቀን 1917 ከእኩል አራሽ ቤተሰብ ሃያኛ ልጅ ሆና ተወለደች። ጭሰኝነት ምን እንደ ነበር ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹ የሰማ አንባቢ የሚሲሲፒን እኩል አራሽ ኑሮ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ባለመሬቱ ዘሩንና ቀለቡን በዱቤ ይሰጣል፤ የሒሳቡን መዝገብ የሚይዘውም እርሱው ነው፤ አዝመራው በተሰበሰበ ጊዜ አራሹ ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል። ሕፃኗ በስድስት ዓመቷ ባለመሬቱ ከእርሻው ሱቅ ጣፋጭ ምግብ ሊሰጣት ቃል ገብቶላት ጥጥ መልቀም ጀመረች፤ ከዚያች ቀን በኋላ ከማሳው አልወጣችም። ወላጆቿ በብዙ ድካም ጥቂት በቅሎዎችና ላሞች ገዝተው ራሳቸውን ለመቻል በተቃረቡበት ወቅት፣ የእነርሱ መሻሻል ያስቀናው ነጭ ከብቶቹን በመርዝ ፈጃቸው። ትምህርት ቤቱ የሚከፈተው የጥጥ ሥራ በሌለባቸው ጥቂት ወራት ብቻ ነበር፤ እርሷም በ12 ዓመቷ ገደማ አቋረጠች። በልምሻ የተጎዳ እግሯን እየጎተተች በ13 ዓመቷ በቀን ከ200 ፓውንድ በላይ ጥጥ ትለቅም ነበር።

ካደገች በኋላ ማንበብና መጻፍ በመቻሏ በሩልቪል ከተማ አጠገብ በሚገኝ የጥጥ እርሻ ላይ የሠራተኞችን ሰዓትና የለቀሙትን ጥጥ ክብደት መዝጋቢ ሆነች። የባለመሬቱ ሚዛን አጭበርባሪ መሆኑን ታውቅ ስለ ነበር፣ እርሱ ዞር ሲል ትክክለኛውን የሚዛን ድንጋይ ታስገባ ነበር ይባላል። እንግዲህ ሥርዓቱን ለመቃወም ማንም አላስተማራትም፤ የጎደላት ሌላ ነገር ነበር። በ1961 ለትንሽ ዕጢ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በገባች ጊዜ ሐኪሙ ሳያስፈቅዳት ማሕፀኗን አውጥቶ መካን አደረጋት። በዚያ ዘመን በዚያ አገር በብዙ ድሃ ጥቁር ሴቶች ላይ የተፈጸመ ግፍ ነው።

በነሐሴ 1962 የተማሪዎች ከኃይል ነፃ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ አባላት የሆኑ ወጣቶች ወደ ሩልቪል መጥተው በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ጠሩ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲያቸውን ትተው የመጡ፣ በዕድሜ ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ። ጥቁር ሕዝብ ተመዝግቦ ሹማምንቱን በድምፁ ሊያወርድ እንደሚችል አስረዱ። ለመመዝገብ ፈቃደኛ የሆነ እጁን እንዲያወጣ በተጠየቀ ጊዜ እጃቸውን ካወጡት አንዷ ፋኒ ሉ ነበረች። ነሐሴ 31 ቀን 18 ሰዎች በአሮጌ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ አውራጃው ከተማ ወደ ኢንዲያኖላ ሄዱ።

እዚያ የጠበቃቸውን ነገር በዝርዝር ማየት ይገባናል። ተመዝጋቢው 21 ጥያቄ ያለበት ቅጽ ይሰጠዋል። ከጥያቄዎቹ መካከል የት እንደሚኖርና አሠሪው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቁ አሉበት፤ ይህም ማለት የተመዝጋቢው ስም ከጽሕፈት ቤቱ ሳይወጣ ለባለመሬቱ ይደርሳል ማለት ነው። ቀጥሎ መዝጋቢው ሹም ከክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት 285 አንቀጾች አንዱን መርጦ ተመዝጋቢው እንዲገለብጥና እንዲተረጉም ያዛል። ትርጓሜው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሹሙ ብቻ ነው። ለነጩ ቀላል አንቀጽ፣ ለጥቁሩ ጠበቃን የሚያደናግር አንቀጽ ይመረጥለታል። ለፋኒ ሉ የደረሳት አንቀጽ 16 ሲሆን፣ ድርጊት ከተፈጸመ በኋላ የወጣ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሠራ የሚከለክል ነው። ጥጥ ለቃሚዋ ገለበጠችው፤ መተርጎም ግን አልቻለችም። ወደቀች። ሲመለሱም ፖሊስ አውቶቡሱን አስቁሞ ቀለሙ ከልክ በላይ ቢጫ ነው በማለት ሾፌሩን ቀጣው፤ ተሳፋሪዎቹ የቅጣቱን ገንዘብ አዋጥተው ከፈሉ።

ቤቷ ሳትደርስ ወሬው ባለመሬቱ ዘንድ ደርሶ ነበር። ምዝገባውን ካልሰረዘች እርሻውን ለቅቃ እንድትወጣ አዘዛት። 18 ዓመት የሠራችበትን ቦታ በዚያችው ሌሊት ለቀቀች። ከቀናት በኋላ በተጠጋችበት የወዳጆቿ ቤት ላይ ጥይት ተተኮሰ። የምርጫ መዝገብና የመሬት ባለቤትነት በአንድ እጅ የተያዙ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አንፈልግም። የሰንፍላወር ነዋሪ በአብዛኛው ጥቁር ሲሆን፣ በዚያው አውራጃ ሰፊ የጥጥ እርሻ የነበረው ሴናተር ጄምስ ኢስትላንድ በዋሽንግተን የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴን ከ1956 እስከ 1978 በሊቀ መንበርነት ይዞ፣ የዜጎችን መብት የሚመለከቱ ብዙ ረቂቅ ሕጎች በእጁ እንዲያልፉ ያደርግ ነበር።

ፋኒ ሉ ግን ሕገ መንግሥቱን ማጥናት ያዘች። በጥር 1963 ፈተናውን አለፈች። ይሁን እንጂ በምርጫ ቀን የሁለት ዓመት የምርጫ ግብር ደረሰኝ አምጪ ተባለች፤ ደረሰኙ አልነበራትም፤ ድምፅ ሳትሰጥ ተመለሰች።

በሰኔ 1963 ሰዎችን ለምዝገባ የሚያዘጋጁ አስተማሪዎች የሚሠለጥኑበትን ትምህርት በሳውዝ ካሮላይና ተካፍላ ስትመለስ፣ ዊኖና በምትባል ከተማ ከጓዶቿ ጋር ታሰረች። ፖሊሶቹ ሁለት ጥቁር እስረኞችን አስገድደው በዱላ አስደበደቧት። እርሷን ለመምታት የተሰጣቸው ዱላ የራሳቸው ወገን ዱላ እንዲመስል መደረጉን ልብ ይሏል። ኩላሊቷና አንድ ዓይኗ እስከ ዕለተ ሞቷ አልዳኑም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። የሚሲሲፒ ወጣቶችና እነርሱን የተከተሉት ገበሬዎች በሩ ተዘግቶብናል ብለው አልተቀመጡም። በኅዳር 1963 የራሳቸውን ምርጫ አካሄዱ። ዕጩዎች አቅርበው፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት አትመው፣ ሣጥኖቹን በቤተ ክርስቲያንና በጸጉር ቤት አስቀመጡ፤ ከ80,000 በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጡ። ድምፁ በሕግ አይቆጠርም ነበር። ግን ጥቁሩ ሕዝብ መምረጥ አይፈልግም የሚለውን የገዢዎቹን ወሬ ሐሰትነት አጋለጠ፤ ከዚያም በላይ ሰው ወረቀት ይዞ ስም መርጦ ሣጥን ውስጥ መክተትን በተግባር ተማረ። በእኛ እምነት ይህ ከብዙ ንግግር የበለጠ ትምህርት ነው።

በ1964 ክረምት ደግሞ 1,000 ያህል ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ ነጮች፣ ከሰሜን ወደ ሚሲሲፒ ዘመቱ። ፋኒ ሉ ወደ ኦሃዮ ተጉዛ ሥልጠናቸው ላይ ተገኘች፤ የሚጠብቃቸውን ነገረቻቸው፤ ሩልቪል ሲደርሱም ተቀበለቻቸው። በዚያ ክረምት 40 ያህል የነፃነት ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ከ2,000 በላይ ተማሪዎች ገቡባቸው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ያልተነገራቸውን የራሳቸውን ሕዝብ ታሪክ፣ የምርጫን አሠራር፣ የክፍለ ግዛቱን ሥልጣን ማን እንደ ያዘው ተማሩ። አስተማሪው መልስ አይሰጥም፤ ይጠይቃል። ለምን እዚህ መጣን? የሌላው ወገን ካለው ነገር ምኑን እንፈልጋለን፣ ምኑን አንፈልግም? በባለመሬት ፊት ቀና ብሎ አይቶ የማያውቅ ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ዋጋው ከባድ ነበር። ሰኔ 21 ቀን ጄምስ ቼኒ፣ አንድሩ ጉድማንና ማይክል ሽዌርነር የተባሉ ሦስት ወጣቶች ተገደሉ። ከ30 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ ወይም በቦምብ ተመቱ። ከሦስቱ ሁለቱ ነጮች በመሆናቸው የአገሪቱ ጋዜጦች በአንድ ድምፅ ጮኹ፤ ቀደም ሲል በዚያው ምክንያት ለሞቱት ጥቁሮች ግን እንዲህ አልጮኹም ነበር። ለመመዝገብ ከሞከሩት 17,000 ሰዎች ተቀባይነት ያገኙት 1,600 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ነሐሴ 22 ቀን ፋኒ ሉ በአትላንቲክ ሲቲ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ኮሚቴ ፊት ቀርባ የደረሰባትን ተናገረች። 68 ልዑካን የያዘው የሚሲሲፒ የነፃነት ፓርቲ የነጮቹን ልዑካን ወንበር ይጠይቅ ነበር። ፕሬዚደንት ጆንሰን የቴሌቪዥን ካሜራዎቹን ከእርሷ ለመንጠቅ ድንገተኛ መግለጫ ጠራ፤ ሆኖም ንግግሯ በዚያው ምሽት በመላ አገሪቱ ተላለፈ። ሁለት ወንበር ብቻ እንቀበል ተብሎ ሲቀርብም ለዚህ አልመጣንም ብላ እምቢ አለች። በርካታ የተማሩ ወዳጆቿ ድርድሩን እንድትቀበል መክረዋት ነበር፤ እኛ ግን እምቢታዋን ስሕተት ነው ለማለት አንችልም። ከዚያም ከኮሚቴው ወጣቶች ጋር ወደ ጊኒ ተጉዛ በአፍሪካውያን እጅ የሚመራ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

በነሐሴ 1965 የመምረጥ መብት ሕግ ታወጀ። የትርጓሜው ፈተና ቀረ። በሚሲሲፒ በ1964 ከ100 ጥቁሮች 7 እንኳ ተመዝግበው አልነበረም፤ በ1967 ወደ 60 ገደማ ደረሱ። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ከመለወጣቸው በፊት የፌዴራል ፈቃድ እንዲጠይቁ ያስገድድ የነበረውን ክፍል ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2013 ከሥራ ውጭ አድርጎታል። የመምረጫው ዕድሜ ከ21 ወደ 18 የወረደው ደግሞ በ1971 ነው፤ በሩልቪል ቤተ ክርስቲያን ስለ ምርጫ ካስተማሩት ወጣቶች መካከል ራሳቸው ለመምረጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ሊኖሩ ይችሉ እንደ ነበር ስናስብ ይገርመናል።

ፋኒ ሉ በኋለኞቹ ዓመታት ፊቷን ወደ መሬት መለሰች። ድምፅ ያገኘ ሰው በመራጭነቱ ከቤቱ የሚባረር ከሆነ ድምፁ እንደማይዘልቅ በራሷ ላይ ስላየች፣ በ1969 በ40 ኤከር መሬት የጀመረ የኅብረት ሥራ እርሻ አቋቋመች፤ ድሆች ቤተሰቦች አሳማ እየተረከቡ ግልገሉን ለሌላው የሚያስተላልፉበትንም መንገድ ዘረጋች። እርሻው በድርቅ፣ በጎርፍና በዕዳ ተዳከመ። በ1971 ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተወዳድራ ተሸነፈች። መጋቢት 14 ቀን 1977 በ59 ዓመቷ አረፈች፤ የተቀበረችውም ሩልቪል ውስጥ፣ እርሻው በገዛው መሬት ላይ ነው።